«ከሳሽብኝ፣ ወፈርሽ፣ ቀላሽ»፦ ስለ ሰውነታችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ምን አገኙ? እኛንስ ጠይቀውናል?

ቦቲም ወይም ኢሞ ከፍተሽ ቤተሰብ ጋ ስትደውዪ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ደሞዝ አይደለም። «ውይ ልጄ ከሳሽብኝ! አያበሉሽም እንዴ?» ትላለች እናት። ታናሽ እህት ደግሞ «ኧረ ወፍራለች፣ ተመችቷታል» ትላለች። ጎረቤቷም ከኋላ ብቅ ብላ «አረብ ሀገር አቀላት» ብላ ትጨምራለች። ሁሉም በፍቅር ነው የሚሉት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን መስታወት ፊት ቆማ ጉንጯን የምትነካካ፣ «እውነት ከስቻለሁ? እውነት ጠቁሬያለሁ?» የምትል እህት ብዙ ናት።

ይህ ተራ ወሬ የሚመስል ነገር ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ አለው። በሥነ ልቦና ትምህርት «የሰውነት ምስል» ይባላል። ሰውነትሽ ራሱ ማለት ሳይሆን ስለ ሰውነትሽ በጭንቅላትሽ የያዝሽው ሥዕል ማለት ነው። ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። 50 ኪሎ የማትሞላ ልጅ መስታወት ውስጥ ወፍራም ሴት ይታያት ይሆናል፤ 80 ኪሎ ያለፈች ደግሞ በራሷ ተደስታ ትኖራለች። ስለዚህ ጉዳይ ቀደም ብለው ከጻፉት አንዱ ፓውል ሺልደር የሚባል የቪየና ሐኪም ነው፤ መጽሐፉ በ1935 ወጣ (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ስለዚህ ብቻ የሚታተም የምርምር መጽሔት አለ፤ መሥራቹ ቶማስ ካሽ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ናቸው።

እኛ ባለንበት ሀገርም ይህን ሲያጠኑ የቆዩ ሰዎች አሉ። ከእነሱ አንዱ ፕሮፌሰር ጀስቲን ቶማስ ናቸው። እንግሊዛዊ ናቸው፤ ወደ ኢማራት ከመምጣታቸው በፊት ስለ መንፈስ ጭንቀትና ከልክ ስላለፈ የደስታ ስሜት ያጠኑ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ለዓመታት በዛይድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ዛይድ ዩኒቨርሲቲ በ1998 የተከፈተ የመንግሥት ተቋም ሲሆን በአቡ ዳቢና በዱባይ ግቢ አለው፤ ተማሪዎቹም አብዛኞቹ የሀገሬው ልጃገረዶች ናቸው። ከእናንተ መካከል ልብሷን የምትተኩሱላት፣ ጠዋት ቁርሷን ሳትነካ «ማ አብጋ» ብላ የምትወጣዋ የቤቱ ልጅ እዚያ ትማር ይሆናል።

የእንዲህ ዓይነት ተመራማሪ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ብዙም የሚያስደንቅ አይደለም። ያስተምራል፣ መጠይቅ ያዘጋጃል፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የተሰበሰበውን መልስ ቆጥሮ ያወዳድራል፣ ከዚያ ጽፎ ለመጽሔት ይልካል። ፕሮፌሰር ቶማስ ከዚህ በተጨማሪ «ዘ ናሽናል» በሚባለው የአቡ ዳቢ ጋዜጣ ላይ ለተራው አንባቢ በሚገባ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ሲጽፉ ኖረዋል። በ2013 ደግሞ ስለ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ሕዝብ የአእምሮ ጤና መጽሐፍ አሳትመዋል። ከሚያሳስባቸው ነገር አንዱ የለውጡ ፍጥነት ነው። ኢማራት የተመሠረተችው በ1971 ነው። አያት በዘንባባ ቤት አድጋ፣ የልጅ ልጅ ሞል ውስጥ አደገች። ምግቡ፣ ሥራው፣ «ቆንጆ» የሚባለው መልክ፣ ሁሉም በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ተለወጠ።

በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ 228 ኢማራታዊ ሴቶችን ጠየቀ። ከአራቱ ሦስቱ ያህል (74.8 በመቶ) በሰውነታቸው እንደማይደሰቱ ገለጹ። ከአራቱ አንዷ (24 በመቶ) ደግሞ ከምግብ ጋር ያላት ግንኙነት የሚያሳስብ መሆኑን የሚያሳይ ነጥብ አመጣች። ከእሳቸው በፊት በ2006 ዶክተር ቫልሳማ ኢፔን የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 495 በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ የሀገሪቱን ልጃገረዶች ጠይቀው ተቀራራቢ ቁጥር፣ 23.4 በመቶ፣ አግኝተው ነበር። ይህ ማለት ሩብ ያህሉ ታመዋል ማለት አይደለም፤ «ሐኪም ወይም ባለሙያ ቢያያት ይሻላል» የሚያሰኝ መስመር አልፈዋል ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚለካው? አንዱ መንገድ በሥዕል ነው። አልበርት ስታንካርድ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1983 ከባልደረቦቹ ጋር ያስተዋወቀው ዘጠኝ ሥዕል አለ፤ ሴቶች በሰልፍ ቆመው ከቀጭኗ እስከ ወፍራሟ ተደርድረዋል። «አሁን አንቺ የትኛዋን ትመስያለሽ?» ይሉሻል። ትጠቁሚያለሽ። «መሆን የምትፈልጊውስ የትኛዋን ነው?» ይሉሻል። እንደገና ትጠቁሚያለሽ። በሁለቱ ጣት ማስቀመጫዎች መካከል ያለው ርቀት ነው መልሱ። ርቀቱ ሲሰፋ ሰው በራሱ ገላ ላይ ያለው ቅሬታ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው።

ሌላው መንገድ መጠይቅ ነው። በብዛት የሚሠራበት «ኢት 26» ይባላል፤ ዴቪድ ጋርነር የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው በ1982 ካናዳ ውስጥ ያወጡት ነው። 26 ጥያቄ አለው፤ 20 ነጥብና ከዚያ በላይ ካመጣሽ ባለሙያ ይይሽ ይባላል። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ግን ለእኛ ሰው ትንሽ ያስቃሉ። አንዱ «ሌሎች ሰዎች ይበልጥ እንድበላ የሚፈልጉ ይመስለኛል» የሚል ነው። ሌላው «ሰዎች ብዪ ብዪ እያሉ ይጫኑኛል» ይላል። ጉርሻ ባለበት፣ «በሞቴ» ባለበት፣ እንግዳ ሦስቴ ካልተለመነ እንደተናቀ በሚቆጠርበት ሀገር ይህን ጥያቄ «ሁልጊዜ» ብላ የማትመልስ ማን አለች?

ሌላም አለ። «እየራበኝ ከመብላት እቆጠባለሁ» ይላል። የኦርቶዶክስ ተከታይዋ በዐቢይ ጾም፣ ሙስሊሟ በረመዳን ምን ትመልስ? ከዚህም የባሰ ደግሞ፣ ቤተሰቡ በልቶ እስኪጨርስ ቆማ የምትጠብቅ፣ ምግቡ ሲነሳ ሰዓቱ ያለፈባት፣ ወይም ፍሪጁን ለመክፈት የምትሳቀቅ ልጅ ምን ትመልስ? እሷም እየራባት አትበላም። ግን ለመክሳት ብላ አይደለም። ወረቀቱ ላይ የሁለቱም መልስ አንድ ዓይነት ምልክት ነው የሚሆነው። ጥሩ ተመራማሪ ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው መጠይቅ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላ ሲሄድ እንደገና መመርመር አለበት የሚባለው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዋናው ነጥብም እዚህ ላይ ነው። በጥናቱ የተጠየቁት ተማሪዎች ናቸው። ምሳቸውን የሠራችው አልተጠየቀችም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሴቶች አሉ፤ አንዷ የቀረበላትን አልበላም ስትል ለጥናት ትቆጠራለች፣ ሌላዋ የተረፈውን እኩለ ሌሊት ላይ ቆማ ትበላለች፣ ስለ እሷ ግን መጠይቁ ዝም ይላል። ተመራማሪን ለመውቀስ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ቅርቡ ያለውን ተማሪ መጠየቁ የትም ዓለም የተለመደ ነው። ነገር ግን «የኢማራት ሴቶች» የሚል ርዕስ ስታነቡ በዚህ ሀገር ያለች ሴት ሁሉ ተጠይቃለች ማለት እንዳልሆነ እወቁ።

በ2016 ከፕሮፌሰር ቶማስ ቡድን የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር አለው። ወጣት ኢማራታዊ ሴቶች ለራሳቸው ወገንና ለውጭ ሰው ያላቸውን የውስጥ ዝንባሌ ለክተው ከአመጋገብ መታወክ ምልክቶች ጋር አስተያዩት። ወደ ባዕዱ ይበልጥ ማዘንበልና እነዚህ ምልክቶች ተያይዘው ተገኙ። አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት አይደለም፤ አብረው ይታያሉ ማለት ነው። ግን ሐሳቡ ለእኛም ይሠራል። የራስን ወገን መልክ ዝቅ አድርጎ የሚያይ ዓይን መስታወት ፊት ሲቆም ለባለቤቱም አይራራም።

ቆንጆ የሚባለው ነገር ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። በደቡብ ኦሞ የቦዲ ወንዶች ለውድድር ብለው ለወራት የላም ወተትና ደም እየጠጡ ይወፍራሉ፤ ቦርጫሙ ነው ጀግናው። በከተማችንም ቢሆን ትንሽ ቆየት ባለው ጊዜ «ሞላ ያለች» ማለት ምስጋና ነበር፣ መክሳት ደግሞ ወይ የድህነት ወይ የበሽታ ምልክት። ታዲያ ይህ እንዴት ይገለበጣል? ለዚህ ጥያቄ በጣም ጥሩ መልስ የሚሰጠው ከእኛ በጣም ርቆ የተሠራ ጥናት ነው።

ፊጂ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴት ሀገር ናት። አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ የአእምሮ ሐኪምና የባህል ተመራማሪ እዚያ ለዓመታት እየተመላለሱ ኖረዋል። የፊጂ ሰው እንደኛው ነው፤ እንግዳ ያበላል፣ ሰው ሲከሳ ይጨነቃል። ጠንከርና ሞላ ያለ ሰውነት ይወደድ ነበር፤ ልጅ ምግብ አልበላም ስትል እንደ በሽታ ይታይና መድኃኒት ይፈለግላት ነበር። በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው ክፍለ ሀገር ቴሌቪዥን ገባ። ዶክተር ቤከር ወዲያው በገባ ሰሞን ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 እንደገና ሌሎች በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉትን ጠየቁ። የተጠቀሙት ያንኑ 26 ጥያቄ ያለውን መጠይቅ ነው። መስመሩን ያለፉት ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ አደጉ። ለመክሳት ብላ የበላችውን በጣቷ የምታስመልስ በመጀመሪያው ዙር አንዲትም አልነበረችም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ። 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዳንዴ «በጣም ወፍራም ነኝ» ይሰማናል አሉ።

ልጃገረዶቹ በቃለ መጠይቅ ሲናገሩ፣ በቴሌቪዥን የሚያዩአቸው ቀጫጭን ሴቶች ሥራ ያላቸው፣ ገንዘብ ያላቸው፣ ከተማ የሚኖሩ መሆናቸውን አስተውለዋል። መክሳት የፈለጉት ለቁንጅና ብቻ አልነበረም፤ ወደዚያ ኑሮ የሚያስገባ በር መስሏቸው ነው። እህቴ፣ ቲክቶክ ላይ ስታልፊ «እሷ እኮ እንደኔ ሸቃላ ነበረች፣ አሁን እይዋት» ብለሽ ታውቂ እንደሆነ የፊጂዎቹን ልጆች አላጣሻቸውም። ያውም እነሱ ያዩት ቴሌቪዥን ብቻ ነበር። አሁን ስልኩ ራሱ ፊትሽን ያቀላል፣ አፍንጫሽን ያቀጥናል፣ ወገብሽን ይሰበስባል። ለቤተሰብ የላክሽው ያ ፎቶ ነው፤ አንቺ ግን ጠዋት የምትታጠቢው በሌላው ፊት ነው።

የእኛን ጉዳይ ልዩ የሚያደርገው ሰውነታችን ገና ከሀገር ሳንወጣ ፎርም ላይ መሞላቱ ነው። የኤጀንሲውን ወረቀት አስታውሱት። ቁመት፣ ኪሎ፣ የቆዳ ቀለም፣ ከራስ እስከ እግር ቆሞ የተነሱት ፎቶ። መክተብ ውስጥ ማዳም ፋይሉን ስትገልጥ «ይህቺ ቀጭን ናት፣ ሥራ አትችልም» ወይም «ይህቺ በጣም ቆንጆ ናት፣ አትሆንም» ስትል የሰማች አለች። ሌላ ሴት ብትሆን ሰውነቷን ከቲክቶክ ጋር ታወዳድራለች፤ የቤት ሠራተኛ ግን ሰውነቷ ሥራ የሚያስገኝላትም የሚያስቀርባትም ነገር ነው። ከዚያ ቤቱ ውስጥ «ያ ሰሚና» (አንቺ ወፍራም) እየተባሉ መጠራት አለ። ለጨዋታ ይሁን ለስድብ፣ በቀን አሥር ጊዜ የሚሰማ ቃል ጆሮ ላይ ብቻ አይቀርም።

ስለ ቀለም ደግሞ ለብቻው ልናወራ ይገባል። ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን የምንከፋፍለው እኛው ነን፤ አረብ አላስተማረንም። በዚህ ላይ ከተደረጉት ጥናቶች በዓለም ዝነኛ የሆነው የአሻንጉሊቱ ጥናት ነው። ማሚ ፊፕስ ክላርክ በ1917 በአሜሪካ አርካንሶ የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ትንንሽ ጥቁር ልጆች ስለ ራሳቸው ቀለም መቼ እንደሚያውቁ አጠናች፤ በ1943 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያዘች። ከዚያም በቀላሉ ሥራ አላገኘችም፤ ጥቁርም ሴትም ነበረችና። እሷና ባሏ ኬኔት ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆኑ ጥቁር ልጆች ከቀለም በቀር በሁሉ ነገር አንድ የሆኑ አሻንጉሊቶች ያሳዩ ነበር። «ቆንጆዋን ስጪኝ» ሲሏቸው አብዛኞቹ ልጆች ነጯን አነሱ። «አንቺን የምትመስለውን ስጪኝ» ሲባሉ የሚያለቅሱ ነበሩ። ይህ ጥናት በ1954 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቀለም የተለያየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎ በወሰነበት ጊዜ ከተጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ማሚ ክላርክ ከ1946 ጀምሮ ሀርለም ውስጥ ለልጆች የሥነ ልቦና ማዕከል ከፍታ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያ ሠራች።

ያ አሻንጉሊት ዛሬ ክሬም ሆኗል። ናይፍና ዴራ፣ ሻርጃ ሮላ አካባቢ፣ ዓጅማን ገበያ ውስጥ በ10ና በ15 ዲርሃም የሚሸጥ ማቅያ ሞልቷል። በጣም የሚታወቀው «ፌር ኤንድ ላቭሊ» በ2020 ስሙን ቀይሮ «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ተብሏል፤ ስሙ ሲቀየር ግን ሰው መቅላት መፈለጉን አልተወም። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው ስም ስላላቸውና የተመዘገቡ ስለሆኑት ሳይሆን፣ አምራቹ ስለማይታወቀው፣ ማሸጊያው ላይ ምን እንዳለበት ስለማይጻፈው ነው።

ሦስት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ ነርቭ ይጎዳል፤ ከቆዳሽ አልፎ በፎጣና በአንሶላ አብሮሽ ወደሚተኛው፣ ወደምታቅፊው ሕፃን ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ከ2020 በኋላ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለው መዋቢያ እንዳይመረትና እንዳይነገድ አድርጓል፤ በ2023 ደግሞ ጨርሶ እንዲቀር ተወስኗል። ሆኖም አሁንም ይሸጣል። ማሸጊያው ላይ «ካሎሜል»፣ «መርኩሪክ»፣ «መርኩሪዮ» የሚል ቃል ካለ አትግዢው። ምንም ባይጻፍበትም «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው ሜርኩሪ ሊኖረው ይችላልና ተይው። ወርቅሽን አውልቀሽ የምትቀቢው ነገር ፊትሽን ምን ሊያደርገው ነው?

ሁለተኛው ስቴሮይድ ነው፤ «ቤታሜታዞን» እና «ክሎቤታዞል» የሚባሉት። ለቆዳ በሽታ ሐኪም ሲያዝ ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡት ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ብጉር ያወጣል፣ የደም ሥር ያሳያል። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት የምትቆምና ክሎሮክስ የምትነካ ሴት ደግሞ የሳሳ ቆዳ ይበልጥ ያቃጥላታል። ለረጅም ጊዜ ተጠቅመሽ ከሆነ በአንድ ቀን ከማቆምሽ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲ ጠይቂ፤ በድንገት ሲቋረጥ ፊት በጣም ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። ሦስተኛው «ሃይድሮኪኖን» ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲቀቡት የሚያቀላ የተባለው ራሱ ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ኪኒኑም እንደዚያው ነው። ለማክሻ ተብለው «ከቅጠል የተሠሩ» የሚባሉት ውስጥ «ሲቡትራሚን» የተባለ መድኃኒት ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ይህ መድኃኒት ለልብ አደገኛ ስለሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ በ2010 ከገበያ ወጥቷል። የማክሻ ሻይ ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚወጣው ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። በተቃራኒው ወደ ሀገር ከመግባታቸው በፊት «ሞላ ብዬ ልታይ» ብለው የማወፈሪያ ኪኒን የሚውጡ አሉ። «ሲፕሮሄፕታዲን» የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ግን ያስተኛል። «ዴክሳሜታዞን» ስቴሮይድ ነው፤ ፊትን ያሳብጣል፣ የደም ግፊትና ስኳር ያስነሳል። የምታውቂያት ልጅ «ይህን ይዘሽልኝ ግቢ» ብላ ስሙ ያልተጻፈበት ኪኒን ብትሰጥሽ ደግሞ አትቀበዪ፤ ኢማራት በኤርፖርት ስለ መድኃኒት ጥብቅ ናት፣ ሻንጣው ያንቺ ከሆነ ጥያቄውም ያንቺ ነው።

ታዲያ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰውነቴ ለምን ተለወጠ? ለሚለው፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ፍላጎትሽ ላይ ሳይሆን ሰዓትሽ ላይ ነው። እንቅልፍ ሲያንስ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፤ በተለይ ጣፋጭና ስብ ያለው ነገር ያምራል። ቀኑን ሙሉ በሻይና በስኳር ውለሽ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተረፈ ሩዝ በልተሽ ወዲያው ትተኛለሽ። ቁጭ ብሎ ለመብላት ጊዜ የለም። በዚህ የሚወፍር ይወፍራል። በናፍቆትና በጭንቀት ምግብ የሚዘጋባትም ትከሳለች። ሁለቱም ስንፍና አይደለም፣ ሁለቱም «ተመችቷታል» ወይም «አልተመቻትም» በሚል ቃል የሚያልቅ አይደለም።

ሕጉ ይህን በከፊል ይነካዋል። የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው የ2022 ፌዴራል ድንጋጌ ቁጥር 9 በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጥሻል። ምግብና ሕክምና በአሠሪ ላይ ነው። የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ 30 ቀን ነው፤ የመጀመሪያው 15 ቀን ሙሉ ደሞዝ አለው፣ ቀሪው ያለ ክፍያ ነው። አሠሪ ሠራተኛዋን ክብሯንና የአካሏን ደኅንነት ጠብቆ መያዝ እንዳለበትም ተጽፏል። ምግብ ከተከለከልሽ ወይም ሐኪም ጋ አትሄጂም ከተባልሽ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ስልክ 600590000 ነው። አምቡላንስ 998 ነው።

ሐኪም ዘንድ ሳይውል ሳያድር መሄድ ያለብሽ መቼ ነው? የወር አበባሽ ሦስት ወር ከቀረ፣ ሳትፈልጊ ልብስሽ እስኪሰፋ ከከሳሽ፣ ስትቆሚ ዓይንሽ ላይ ከጨለመ፣ የበላሽውን ራስሽ ማስመለስ ከጀመርሽ፣ ወይም ተደብቀሽ ሆድሽ እስኪያምሽ በልተሽ በኋላ የምታለቅሽ ከሆነ። ለማዳም ለመንገር ብዙ አረብኛ አያስፈልግም፦ «ማዳም፣ ዳውራ ማ ተጂ፣ ተላታ ሸሀር፣ አብጋ ዶክቶራ» በያት፤ የወር አበባዬ ሦስት ወር ቀርቷል፣ ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ማለት ነው። ክሊኒክ ስትደርሺ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ሊያዙ ይችላሉ። ይህ የተለመደ አሠራር ስለሆነ እንደ ስድብ አትዩት። ክብደት መቀነስ፣ ጭንቀት፣ የእንቅርት ችግር፣ ስቴሮይድ፣ ሁሉም የወር አበባን ሊያስቀሩ ይችላሉ። የምትቀቢው ክሬም ወይም የምትውጪው ኪኒን ካለ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ፣ አትደብቂ።

ቤተሰብ ጋ ስትደውዪስ? «ከሳሽ» ሲሉሽ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ግን አንዳንዴ «እማዬ፣ ስለ ሰውነቴ አትጠይቂኝ፣ ስለ እንቅልፌ ጠይቂኝ» ማለትም ይቻላል። ያልተለመደ ስለሆነ መጀመሪያ ይስቁ ይሆናል።

በመጨረሻ፣ እኛን የሚጠይቅ ተመራማሪ ቢመጣስ? በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በዕረፍት ቀን በምንሰበሰብበት ቤት፣ ወይም በስልክ በኩል መጠይቅ ሊደርስሽ ይችላል። ከ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ወዲህ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ደንብ አለው፤ የሚጠየቀው ሰው ሳይገደድ፣ ስለ ምን እንደሆነ ተነግሮት መስማማት አለበት፤ መሃል ላይ «ይቅርብኝ» ቢል ምንም አይደርስበትም። ስለዚህ ጠይቂ፦ ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ነሽ? ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶልሻል? ስሜ ይጻፋል? አሠሪዬ ያውቃል? እውነተኛ ተመራማሪ በእነዚህ ጥያቄዎች አትቆጣም፤ እንዲያውም ቀድማ ትነግርሻለች። የፓስፖርትሽን ወይም የመታወቂያሽን ፎቶ የሚፈልግ፣ ገላሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪ የሚል፣ ወይም ገንዘብ ክፈዪ የሚል ከሆነ ተመራማሪ አይደለም፣ ዝጊው። ፈርሚ የሚሉሽ ወረቀት በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ በአማርኛ እስኪነበብልሽ ድረስ አትፈርሚ፤ ከፈረምሽም አንድ ቅጂ ለራስሽ ያዢ።